ትክክለኛ መልስ የሸፈናቸው ስህተቶች፦ በሲ የተጻፉ የሃሽ ፋንክሽኖች የፈተና ታሪክ

ሃሽ ፋንክሽን የሚሰጡትን ፋይል ሁሉ፣ አንድ ፊደልም ይሁን ሙሉ ፊልም፣ ተቀብሎ መጠኑ የተወሰነ አጭር አሻራ ያወጣለታል። ከፋይሉ አንዲት ቢት ብትለወጥ አሻራው ከነጭራሹ ሌላ ይሆናል። ከአሻራው ተነስቶ ፋይሉን ማወቅም ሆነ አንድ ዓይነት አሻራ ያላቸው ሁለት ፋይሎች ማግኘት እንዳይቻል ታስቦ ነው የሚነደፈው። ዲጂታል ፊርማ፣ የይለፍ ቃል ጥበቃ፣ ስልካችን ላይ የሚጫነው የሶፍትዌር ማሻሻያ፣ ከባንክ ጋር የምንለዋወጠው መልእክት በዚህ ላይ የቆሙ ናቸው። የፋንክሽኖቹ ሒሳብ በማን እንደተነደፈና መቼ እንደተሰበረ ብዙ ተብሏል። ሒሳቡ ወደ ሲ ቋንቋ ሲገለበጥ ግን ኮዱ ልክ መሆኑ በምን ሲረጋገጥ እንደኖረ የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው፤ የሚያውቀውም በቁርጥራጭ ነው።

ይህን ታሪክ ከዳር እስከ ዳር ሲያዩት አንድ እምነት ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲመራው ይገኛል። እምነቱ እንዲህ ይላል፦ ሃሽ ፋንክሽን ከሌላው ፕሮግራም ሁሉ ይልቅ ለፈተና የሚመች ነው፤ ውስጡ ትንሽ ስህተት ቢኖር ውጤቱ በሙሉ ስለሚዘበራረቅ፣ ጥቂት የታወቁ መልሶች ከገጠሙ ኮዱ ያለ ጥርጥር ልክ ነው። አባባሉ ለፋንክሽኑ እምብርት፣ ማለትም ቢቶቹን ለሚያማስለው ስሌት፣ እውነት ነው። ለዳርቻው ግን አይሠራም። ርዝመት የሚቆጠርበት፣ ቁራጮች የሚገጣጠሙበት፣ የመጨረሻው ብሎክ የሚሟላበት ቦታ ላይ ያለ ስህተት ከታወቁት መልሶች አንዱንም ሳያዛባ ለዓመታት ሊኖር ይችላል፤ ኖሯልም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

## 1990–1992፦ ከሰነዱ ጋር የመጣው ኮድ

የኤም.አይ.ቲ.ው ሮናልድ ሪቨስት በ1990 ኤምዲ4ን፣ ሁለት ዓመት ቆይተው ደግሞ ኤምዲ5ን አወጡ። በአፕሪል 1992 የታተመው የኤምዲ5 ሰነድ ከመግለጫው በተጨማሪ ሙሉ የሲ ኮድ ይዞ ነበር፤ ይህ ለኋላው ታሪክ ሁሉ ወሳኝ ሆነ። ብዙ ፕሮግራመር መግለጫውን አንብቦ የራሱን ከመጻፍ ይልቅ የተዘጋጀውን ኮድ ወሰደ። ከዚያ ወዲህ የሃሽ ፋንክሽን ደራሲ ከሒሳቡ ጋር ማጣቀሻ የሲ ኮድ ማቅረቡ ልማድ ሆኖ ቀረ፤ የማጣቀሻው ስህተትም ከማጣቀሻው ጋር ይገለበጣል።

ከኮዱ ጋር አንድ መፈተኛ ፕሮግራም ነበር። ሰባት ጽሑፎችን ወስዶ አሻራቸውን ያወጣል፦ ባዶ ጽሑፍ፣ “ኤ” የምትል ፊደል፣ “ኤቢሲ”፣ “ሜሴጅ ዳይጀስት” የሚል ሐረግ፣ ትንንሾቹ የእንግሊዝኛ ፊደላት በሙሉ፣ ትላልቆቹና ትንንሾቹ ከአኃዞች ጋር፣ በመጨረሻም አሥሩ አኃዞች ስምንት ጊዜ ተደጋግመው። ትክክለኞቹ አሻራዎች ሰነዱ ላይ ታትመዋል። ፕሮግራሙ ራሱ አያመሳክርም፤ ያወጣውን ይጽፋል፣ ሰውየው በዓይኑ ከሰነዱ ጋር ያስተያያል።

ሰባቱ ጽሑፎች በጥንቃቄ የተመረጡ ናቸው። ኤምዲ5 የሚሠራው 64 ባይት በ64 ባይት እየከፈለ ነው። መልእክቱ ሲያልቅ አንድ ምልክት ቢት፣ ቀጥሎ ዜሮዎች፣ መጨረሻ ላይ በ8 ባይት የመልእክቱ ርዝመት ይታከልበታል። ስለዚህ የመጨረሻው ቁራጭ እስከ 55 ባይት ከሆነ ማሟያው እዚያው ብሎክ ውስጥ ይበቃዋል፤ ከ56 ጀምሮ ግን ሌላ ብሎክ ይጠይቃል። 62 ባይት ያለው ስድስተኛው ጽሑፍ ይህን ወሰን ይሻገራል። 80 ባይት ያለው ሰባተኛው ደግሞ አንድ ብሎክ ሞልቶ ወደ ሁለተኛው ያልፋል። በሰባት አጫጭር ጽሑፎች ይህን ያህል መሸፈን የጥሩ መሐንዲስ ሥራ ነው።

ያልተሸፈነውም እዚያው ይታያል። ኮዱን የሚጠቀም ፕሮግራም ሦስት ጥሪዎች አሉት፦ መጀመር፣ መጨመር፣ መጨረስ። መልእክቱ የግድ በአንዴ መግባት የለበትም፤ ከኔትወርክ እየመጣ ያለ ፋይል በመጣበት መጠን እየተቆራረጠ በ“መጨመር” ደጋግሞ ይገባል። አንድ ብሎክ የማይሞላ ትርፍ ጊዜያዊ ቋት ውስጥ ተቀምጦ የሚቀጥለውን ቁራጭ ይጠብቃል። ሰባቱ ጽሑፎች ግን እያንዳንዳቸው በአንድ ጥሪ ይገባሉ። መፈተኛው ፋይል ሲያነብም በ1024 ባይት ነው፤ 1024 ደግሞ ለ64 ያለ ቀሪ ስለሚካፈል በቋቱ ውስጥ ትርፍ እያለ ሌላ ቁራጭ የሚደረብበት አጋጣሚ የለም። ቁራጮቹ ከብሎኩ ጋር የማይገጥሙበት አንድ ቦታ የፍጥነት መለኪያው ነው፤ 1000 ባይት አንድ ሺህ ጊዜ ያስገባል። ለዚህኛው ሰነዱ የሚመሳከርበት መልስ አላስቀመጠም። የኋለኞቹ ሠላሳ ዓመታት ትልልቅ ስህተቶች የተገኙት በአብዛኛው በዚችው “መጨመር” ጥሪ ውስጥ ነው።

የእምብርቱ ስህተት እንዴት እንደሚጋለጥ ለማየት ደግሞ የዚያኑ ኮድ ሌላ ገጽታ እንይ። 32 ቢት መሆን ያለበት የቁጥር ዓይነት “አንሳይንድ ሎንግ” ተብሎ ተደንግጎ ነበር። በዘመኑ በተለመዱት ማሽኖች ይህ 32 ቢት ነው፤ 64 ቢት ዩኒክስ ማሽኖች ሲስፋፉ ግን 64 ሆነ። ቢቶችን የሚያዞረው መስመር ከ32ኛው ቢት በላይ የሚፈስሰውን አይጥልም ነበርና አሻራው ሁሉ ተበላሸ። ይህ ስህተት ማንንም ለረዥም ጊዜ አላታለለም፤ የመጀመሪያዋን ጽሑፍ የሞከረ ወዲያው ያየዋል። እምነቱን ያጠናከሩት እንዲህ ያሉ ጉዳዮች ናቸው።

## 1993–2004፦ ማኅተም ያገኘ ፈተና

በ1993 የአሜሪካ መንግሥት ሻ የተባለውን ፋንክሽን ደረጃ አድርጎ አወጣ። ብዙም ሳይቆይ በብሔራዊ ደህንነት ኤጀንሲው ግፊት ተነሣና በ1995 በሻ-1 ተተካ። ልዩነታቸው ባንድ ቦታ የተጨመረች የአንድ ቢት ማዞር ብቻ ናት። ከአዲሱ ደረጃ ጋር የታተሙት የሙከራ መልእክቶች ሦስት ናቸው፦ “ኤቢሲ”፣ 56 ባይት ያለው ጽሑፍ፣ እና አንድ ሚሊዮን ጊዜ የተደጋገመ “ኤ”። ሁለተኛው ማሟያው ከብሎኩ የሚተርፍበትን የመጀመሪያ ርዝመት አነጣጥሮ የተመረጠ ነው። ሦስተኛው ትልቅ ፈተና ይመስላል። ነገር ግን አንድ ሚሊዮን ለ64 ሲካፈል ልክ 15,625 ነው፤ ቀሪ የለውም። አንድ ሚሊዮን ባይት አልፎም የመጨረሻው ብሎክ ምንም ትርፍ ሳይይዝ ይዘጋል።

በዚያው 1995 የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ ኒስት፣ የክሪፕቶግራፊ ምርቶችን በላቦራቶሪ እያስፈተነ የምስክር ወረቀት መስጠት ጀመረ። ለፌዴራል መሥሪያ ቤቶች የሚሸጥ ምርት ይህን ማለፍ ስላለበት ፈተናው የገበያ ጉዳይ ሆነ። የሃሽ ፋንክሽኖች ፈተና ሦስት ክፍል ነበረው፦ አጫጭር መልእክቶች፣ ረዘም ያሉ መልእክቶች፣ እና ሞንቴ ካርሎ የሚባለው። በሞንቴ ካርሎው ከአንድ መነሻ ተነስቶ የወጣው አሻራ የሚቀጥለው መልእክት አካል እየሆነ 100,000 ጊዜ ይሰላል፤ በየ1,000ው አንድ መልስ እየተመዘገበ 100 መልሶች ይመሳከራሉ። በሚሊዮን አንዴ የሚከሰት የስሌት ስህተት እንኳ እዚህ የመያዝ ዕድል አለው። ሆኖም የእያንዳንዱ መልእክት ርዝመት አንድ ነው፤ ሦስት ተከታታይ አሻራዎች ተቀጣጥለው። ለሻ-1 ሁልጊዜ 60 ባይት፣ በኋላ ለመጣው ለሻ-256 ሁልጊዜ 96 ባይት። መቶ ሺህ ጊዜ የሚፈተነው ያው እምብርት ነው፤ ዳርቻው አንዴ ብቻ ይነካል።

ለፈተናው ቀራጮች ፍትሐዊ መሆን ይገባል። ላቦራቶሪው ጥያቄ በፋይል ይልካል፣ አምራቹ መልሱን በፋይል ይመልሳል፤ ኮዱን ውስጥ ገብቶ ማየት የፈተናው ዓላማ አልነበረም። ደረጃውን ማን በትክክል ተረድቶ እንደጻፈ ለመለየት ይህ በቂ ነው፤ በርካታ የተሳሳተ ኮድም ከገበያ አስቀርቷል። ችግሩ ማኅተሙ ሲነበብ ከሚለው በላይ መነበቡ ነው። “እነዚህን መልሶች በትክክል ሰጥቷል” የሚለው ምስክርነት በተጠቃሚው ዘንድ “ስህተት የለበትም” ሆኖ ተወሰደ።

በ2004 ክረምት በሳንታ ባርባራ በተካሄደው የክሪፕቶ ጉባኤ ሺያዎዩን ዋንግና ባልደረቦቻቸው አንድ አሻራ ያላቸው ሁለት የኤምዲ5 መልእክቶችን ይዘው ቀረቡ። በቀጣዩ ዓመት የሻ-1ም መሠረት ተናጋ። የዓለም ዓይን ሁሉ ወደ ሒሳቡ ዞረ፤ ዳርቻው ለጊዜው ማንም የማይጨነቅበት ጉዳይ ሆኖ ቆየ።

## 2007–2009፦ ስልሳ አራት ተወዳዳሪዎች

ኒስት በኖቬምበር 2007 ሻ-3 ለሚባለው አዲስ ደረጃ ዓለም አቀፍ ውድድር ጠራ። እስከ ኦክቶበር 2008 መጨረሻ 64 ሥራዎች ገቡ፤ 51ዱ ለመጀመሪያው ዙር አለፉ። እያንዳንዱ ቡድን ማጣቀሻና የተፋጠነ የሲ ኮድ በአንድ ወጥ የጥሪ ስም እንዲያቀርብ ግዴታ ነበረበት፤ ርዝመቱ የሚለካው በቢት ስለሆነ ባይት የማይሞሉ መልእክቶችም መስተናገድ ነበረባቸው። የሙከራ ፋይሎቹ ከበፊቱ እጅግ የሰፉ ናቸው። ከ0 እስከ 2047 ቢት ያለው ርዝመት አንድ በአንድ ይሞከራል፣ ረዣዥሞች ይጨመራሉ፣ ሞንቴ ካርሎ አለ፣ አንድ ጊጋባይት የሚሞላ መልእክትም አለ።

ይህ ሁሉ ሆኖ ሁለት ክፍተት ቀረ። አንደኛው የጊጋባይቱ መልእክት የሚገባው በ64 ባይት ቁራጭ መሆኑ ነው፤ እንደገና ከብዙዎቹ ብሎክ ጋር የሚገጥም ልክ። ሁለተኛው የከበደ ነው፦ የሚመሳከርበትን መልስ የሚያዘጋጀው ተወዳዳሪው ራሱ ነው፤ የሚያዘጋጀውም በዚያው በሚፈተነው ኮድ ነው። ኮዱ ከተሳሳተ መልሱም አብሮ ተሳስቷል፤ ከዚያ በኋላ ኮዱን የሚገለብጥ ሁሉ “ትክክለኛውን” መልስ ያገኛል። ፋንክሽኑ አዲስ ስለሆነ ሌላ የመልስ ምንጭ ከየት ይመጣል ቢባል፣ ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ እስኪገኝ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ፈጀ።

በ2009 መጀመሪያ ፎርቲፋይ የተባለው ኩባንያ ኮድን ሳያስኬድ የሚመረምር ሶፍትዌሩን በተወዳዳሪዎቹ ኮድ ላይ አሠማራው። ብሌንደርና ኤምዲ6 በተባሉት ሁለቱ ውስጥ ከተመደበ ማህደር አልፈው የሚሄዱ መስመሮችን አገኘ። ኤምዲ6 የራሳቸው የሪቨስት ቡድን ሥራ ነበር። በዓለም የታወቀው የዘርፉ ባለሙያ የሚመሩት ቡድን ኮድ እንዲህ ካለ ስህተት ካላመለጠ፣ ጉዳዩ የግለሰብ ብቃት ጉዳይ አይደለም። ሲ የድርድርን ወሰን አይጠብቅም። ከወሰን ያለፈ ጽሑፍ አጠገቡ ያለውን ሌላ ነገር ያበላሽ ይሆናል እንጂ አሻራውን ላይነካ ይችላል፤ የታወቀ መልስ ያለው ፈተና ይህን የሚያይበት ዓይን የለውም። ማህደርን በሩጫ ላይ የሚከታተለው አድረስ ሳኒታይዘር በ2012 ገደማ በኮምፓይለሮች ውስጥ ሲገባ ነው ይህ ጥበቃ ለማንኛውም ፕሮግራመር ቅርብ የሆነው።

## 2011፦ ሁለት ወር፣ ሁለት ስህተት

የይለፍ ቃል በሚጠበቅበት በኩል 2011 ለብቻው ሊታይ የሚገባው ዓመት ነው። በጁን ወር “ክሪፕት ብሎውፊሽ” በተባለው በሰፊው የተሠራጨ የሲ ኮድ ውስጥ አንድ የቆየ ስህተት ታወቀ። ሲ ቋንቋ “ቻር” የተባለው የአንድ ባይት ዓይነት ኔጌቲቭ ቁጥር ይይዝ ወይም አይዝ እንደሆነ ለኮምፓይለሩ ይተወዋል። በተለመዱት ኮምፒውተሮች ይይዛል፤ ስለዚህ ከ127 በላይ የሆነ ባይት እንደ ኔጌቲቭ ይነበባል። ኮዱ አራት አራት ባይት እያጠራቀመ 32 ቢት ቃል ይሠራል፦ የያዘውን ወደ ግራ ይገፋና አዲሱን ባይት ይደርብበታል። ኔጌቲቩ ባይት ወደ 32 ቢት ሲሰፋ ላይኛዎቹ 24 ቢቶች ሁሉ 1 ይሆናሉ፤ ሲደረብም በፊቱ የገቡትን እስከ ሦስት ባይት ይደመስሳል። ማለትም ከይለፍ ቃሉ የተወሰኑት ፊደላት እንዳልተጻፉ ይቆጠራሉ።

የእንግሊዝኛ ፊደላት ከ128 በታች ስለሆኑ በእነሱ ብቻ የሚሞክር ሰው ይህን በጭራሽ አያየውም። የእኛ ፊደል ግን በተለመደው ዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ እያንዳንዱ ሦስት ባይት ነው፤ ሦስቱም ከ127 በላይ ናቸው። “ሀ” ለምሳሌ 225፣ 136፣ 128 ተብሎ ይቀመጣል። የይለፍ ቃሉን በአማርኛ የጻፈ ሰው በእንዲህ ያለ ሥርዓት ላይ ስህተቱ ውስጥ የሚወድቀው አልፎ አልፎ ሳይሆን በእያንዳንዱ ባይት ነው። የሙከራ ጽሑፍ ምርጫ ማንን እንደሚጠብቅና ማንን እንደሚረሳ ከዚህ የበለጠ ማሳያ አላውቅም።

ይህ ኮድ በፒኤችፒ ቋንቋ ውስጥም ነበርና መፍትሔው በኦገስት በወጣው በፒኤችፒ 5.3.7 ተካተተ። ያው እትም ሌላ ስህተት ይዞ መጣ። ጽሑፍ ከጽሑፍ የሚቀጥለው አሮጌው የሲ ፋንክሽን የቋቱን ልክ አያይም፤ ለደህንነት ሲባል ልክ በሚያይ አቻው ተተካ። አዲሱ ፋንክሽን የቋቱን ሙሉ መጠን ይጠይቃል፣ የተሰጠው ግን 1 ነበር። ውጤቱም በኤምዲ5 የሚሠራው የይለፍ ቃል ጥበቃ አሻራውን ትቶ ጨው የሚባለውን የዘፈቀደ ቅጥያ ብቻ መመለስ ሆነ። በዚህ እትም የተመዘገበ ሰው በየትኛውም የይለፍ ቃል ሊገባ ይችላል ማለት ነው። በጥቂት ቀናት ውስጥ 5.3.8 ወጣ። ልብ የሚያሳዝነው ይህን የሚፈትን ሙከራ መኖሩ ነው፤ ሙከራው ወድቆም ነበር። ከሌሎች ቀድሞ ከሚወድቁ ሙከራዎች መካከል ሆኖ ሳይታይ እትሙ ወጣ። ስለ ፈተና ጥራት የሚወራው ሁሉ ውጤቱን የሚያነብ ሰው እንዳለ አድርጎ ነው።

## 2012–2018፦ መልሱን ሳያውቁ መፈተን

በኦክቶበር 2012 ኬቻክ የሻ-3 አሸናፊ ተባለ። ከአምስቱ የመጨረሻ ተፎካካሪዎች አንዱ የነበረው ብሌክ ባይመረጥም በጥሩ ስም ወጣ፤ አራት ዓመት ሙሉ የዓለም ክሪፕቶግራፈሮች ሲመረምሩት ቆይተዋል። በ2015 ግን ለውድድሩ ከቀረቡት የብሌክ ኮዶች በሁሉም ውስጥ አንድ ስህተት ተገኘ፤ ሰባት ዓመት ማንም አላየውም። ስህተቱ “መጨመር” ውስጥ ነው። ቋቱ ውስጥ ትርፍ ሲኖር፣ አዲስ የመጣው ቁራጭ ብሎኩን ይሞላ እንደሆነ የሚጠይቀው መስመር የሚያየው የቁራጩን ሙሉ ርዝመት ሳይሆን ለብሎኩ ተካፍሎ የቀረውን ነበር። አንድ ባይት አስገብተህ ቀጥለህ 64 ባይት ብትጨምር ቀሪው ዜሮ ይሆናል፤ ኮዱ ቋቱን ረስቶ 64ቱን በቀጥታ ያሰላል፣ የመጀመሪያዋ ባይት ሳትቆጠር ትቀራለች። እሷን መቀየር አሻራውን አይቀይርም። ሃሽ ፋንክሽን ሊከለክለው የተፈጠረው ነገር ይኸው ነው፤ የብሌክ ሒሳብ ግን ፈጽሞ አልተነካም።

ኒኪ ሙሃ፣ ሞሃመድ ራውናክ፣ ሪቻርድ ኩንና ራጉ ካከር በ2018 ባሳተሙት ጥናት ወደ ውድድሩ መዝገብ ተመልሰው በውስጡ ያለውን ኮድ ሁሉ እንደገና ፈተኑ። የተነሡበት ሐሳብ ቀላልና ጠንካራ ነው፦ መልሱን ባናውቅም መልሶቹ እርስ በርስ ሊኖራቸው የሚገባውን ግንኙነት እናውቃለን። መልእክቱ ውስጥ ያለች እያንዳንዷ ቢት ስትቀየር አሻራው መቀየር አለበት። ከመልእክቱ መጨረሻ ውጭ ያለች ቢት ስትቀየር ደግሞ አሻራው መቀየር የለበትም። አንድ መልእክት በምንም ዓይነት ቢቆራረጥ አሻራው አንድ መሆን አለበት። አራተኛው ዘዴ በጣም የበዙትን የቁርጥ ዓይነቶች በስልት አሳንሶ በጥቂት ሙከራ ያንኑ ያህል ስህተት ይይዛል። ከ86 ኮዶች በ41ዱ ውስጥ ስህተት ተገኘ። የብሌክንም ስህተት ዘዴው ማንም ሳይመራው አገኘው።

ግማሽ ሊሆን ምንም ያህል አልቀረውም። እነዚህ በቸኮሉ ተማሪዎች የተጻፉ አይደሉም፤ ተመራማሪዎች ለውድድር ያቀረቧቸውና የኒስትን የሙከራ ፋይሎች ያዘጋጁ ኮዶች ናቸው። እርግጥ የውድድር ኮድ ለምርት አይሆንም፣ ፋብሪካ የሚገባው በምስክር ወረቀት ያለፈው ነው የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ተቃውሞው የሚጸናው እስከሚቀጥለው ምዕራፍ ድረስ ብቻ ነው።

## 2019–2020፦ ምስክር ወረቀት ያለው ስህተት

ሙሃ ከኒስቱ ክሪስቶፈር ሴሊ ጋር የአፕልን ኮርክሪፕቶ ላይብረሪ መረመሩ። ስልክ፣ ላፕቶፕና ሰዓት ውስጥ ያለ፣ በወቅቱ የአሜሪካ መንግሥት ማረጋገጫ የነበረው ኮድ ነው። ከ12ቱ ሃሽ ፋንክሽኖች በ11ዱ፣ ማለትም ከኤምዲ2 በቀር በሁሉም፣ 4 ጊጋባይት ገደማና ከዚያ በላይ የሆነ መልእክት ሲገባ ፕሮግራሙ ማለቂያ የሌለው ዙር ውስጥ ይገባ ነበር። አፕል በ2019 አስተካከለው። ኮዱ ፈተናውን እንዴት አለፈ? የኒስት ፈተና ከ65,535 ቢት የበለጠ መልእክት አይሰጥም ነበር፤ ይህም ከ8 ኪሎባይት ያነሰ ነው። ደረጃው እስከ ስንት ድረስ እንደሚፈቅድ ሲታሰብ የተፈተነው ክፍል ከምንም አይቆጠርም።

በአንድ ጥሪ 4 ጊጋባይት የሚያስገባ ማን ነው ቢባል፣ የ1992 ሰው ቢጠይቀው ትክክል ነበር። ዛሬ የቪዲዮ ፋይል፣ የዲስክ ቅጂ፣ የመረጃ ቋት መጠባበቂያ ይህን በየቀኑ ያልፋል። ከዚህም በላይ የሃሽ ፋንክሽንን ግብዓት ብዙ ጊዜ የሚመርጠው እኛ ሳንሆን ፋይሉን የሚልክልን ነው፤ ክፉ ሐሳብ ያለው ሰው ከሁሉም ርዝመቶች መካከል የሚመርጠው ማንም ያልሞከረውን ነው። ከዚህ ጥናት በኋላ ኒስት እስከ 8 ጊጋባይት የሚደርስ የትልቅ ውሂብ ፈተና በሥርዓቱ ውስጥ አስገባ።

## 2022–2023፦ የአሸናፊው ተራ

በኦክቶበር 2022 ሙሃ ያሳወቁት ስህተት የሻ-3 ደራሲዎች ራሳቸው ባሠራጩት ኮድ ውስጥ የነበረ ነው። ለውድድሩ የመጨረሻ ዙር በጃንዋሪ 2011 ከቀረበው ኮድ ጀምሮ ከአሥር ዓመት በላይ ኖሯል፤ የፓይተንና የፒኤችፒ ቋንቋዎችም ገልብጠውታል። ቦታው አሁንም “መጨመር” ነው። ቋቱ ውስጥ ትርፍ ሲኖር ኮዱ የትርፉን መጠንና የአዲሱን ቁራጭ መጠን ደምሮ ከብሎኩ ይበልጥ እንደሆነ ይጠይቃል። ድምሩ ግን የሚያዘው በ32 ቢት ነው። መጀመሪያ አንድ ባይት፣ ቀጥሎ 4,294,967,295 ባይት ስታስገባ ድምሩ 32 ቢት ሞልቶ ዜሮ ይሆናል። ዜሮ ከብሎኩ አይበልጥም፤ ስለዚህ ኮዱ አራት ቢሊዮን ባይቱን ሁሉ ሁለት መቶ ባይት ብቻ ባለው የፋንክሽኑ ውስጣዊ ማህደር ላይ ያፈስሰዋል። ፓይተን ላይ ሦስት መስመር ጽፎ ፕሮግራሙን መጣል ይቻል ነበር። ሙሃና ሴሊ ከዚያ አልፈው፣ አሻራው ሲሰላ የአጥቂውን ትእዛዝ የሚያስፈጽም ፋይል ሠርተው አሳዩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሊስተዋል ይገባል። ከሁለት ዓመት በፊት የመጣው የትልቅ ውሂብ ፈተና ይህን አይዘውም ነበር። መልእክቱ በአንድ ጥሪ ከገባ ቋቱ ባዶ ስለሆነ ኮዱ በሌላ መንገድ ያልፋል። ስህተቱ የሚነቃው ትንሽ ትርፍና ግዙፍ ቁራጭ ሲገናኙ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ፈተና ያለፈውን ስህተት ቅርጽ ይዞ ይወለዳል፤ ሁለቱ ተመራማሪዎችም ለዚህኛው መጀመርን፣ መጨመርንና መጨረስን እያፈራረቀ የሚፈትን አዲስ ሙከራ ጨመሩ።

ጥፋቱ የሲ ነው፣ ቋንቋውን መቀየር ይበቃል የሚሉ አሉ። ለዚህኛው ስህተት ከፊል እውነት አላቸው፤ ወሰን የሚጠብቅ ቋንቋ ቢሆን ፕሮግራሙ ይቆም ነበር እንጂ የአጥቂ መሣሪያ አይሆንም። የብሌኩ የተሳሳተ ጥያቄ ግን በየትኛውም ቋንቋ ቢጻፍ ያው የተሳሳተ ጥያቄ ነው፤ የአፕሉም ማለቂያ የሌለው ዙር እንዲሁ።

ሌላው ወገን ፈተናን ትቶ ወደ ሒሳባዊ ማረጋገጫ መሄድ አለብን ይላል፤ ይህ በጣም የከበደው ክርክር ነው። የፕሪንስተኑ አንድሩ አፔል በ2015 ኦፕን ኤስኤስኤል በተባለው ላይብረሪ ውስጥ ያለው የሻ-256 ሲ ኮድ ከደረጃው ጋር መግጠሙን በማሽን በሚመረመር ማረጋገጫ አሳይተዋል። ሃክል-ስታር የተባለው ፕሮጀክት ደግሞ መጀመሪያ ተረጋግጦ ከዚያ ወደ ሲ የሚቀየር ኮድ ያመርታል፤ ፋየርፎክስ ተጠቅሞበታል፣ በኦክቶበር 2023 የወጣው ፓይተን 3.12ም ሻ-3ን ጨምሮ አብዛኞቹን የሃሽ ኮዶቹን በእሱ ተክቷል። ማረጋገጫው ለእያንዳንዱ ርዝመትና ለእያንዳንዱ ቁርጥ ስለሚናገር ፈተና ሊደርስበት የማይችለውን ያደርጋል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ይሁንና ማረጋገጫው የሚናገረው ኮዱ ከአንድ መግለጫ ጋር ስለመግጠሙ ነው። መግለጫውን ከታተመው ደረጃ ላይ የጻፈው ሰው ነው፤ በትክክል መጻፉ የሚታወቀው የታወቁትን መልሶች በመስጠቱ ነው። ኮዱንም ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረው ኮምፓይለር አብዛኛውን ጊዜ ያልተረጋገጠ ነው። እምብርቱን በታወቀ መልስ፣ ዳርቻውን በግንኙነት ፈተና፣ የማህደሩን ወሰን በመሣሪያ መጠበቅ ማረጋገጫው ላለውም ለሌለውም ሥራ ነው።

የኒስት የትልቅ ውሂብ ፈተና አምራቹ ከፈለገ የሚወስደው ሆኖ ነው የገባው። የፓይተን የሙከራ ስብስብም የ2022ቱን ስህተት የሚይዝ ሙከራ ታክሎበታል፤ አንድ ባይት፣ ከዚያም 4,294,967,295 ባይት። ሙከራው በተለመደው ሩጫ አይካሄድም፤ ሞካሪው ያን ያህል ማህደር በግልጽ ካልፈቀደለት ይዘለላል።